የትርንጎ ሁለተኛ ዓይን

ዱሮ ነው፤ ከዱሮም ወዲያ ማዶ። ይህ በሩፋኤል ደጅ የቆመው ዋንዛ፣ ዛሬ ጥላው ማኅበሩን ሁሉ የሚያስቀምጠው፣ ያኔ ፍየል የምትቀጥፈው ችግኝ ነበር። ዝናብ በወቅቱ ይጥል ነበር። እህል በወቅቱ ይደርስ ነበር። ሰው ግን እንደ ዛሬው ነበር፤ ሰው በሰው ይቀና ነበር።

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ግድግዳው ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀለቀው፤ እንዳትደገፉት። አውቃለሁ፣ ወደ እኔ የመጣችሁት ጎረቤቴ ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ስለተዘጋ ነው። ደህና ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንደ ወትሮው እሱ ግቢ ተኮልኩላችሁ፣ ጢሙን እየደባበሰ ሲያወራ አፋችሁን ከፍታችሁ ትሰሙት ነበር። እዚያ የምትስቁት ሳቅ አጥሩን ዘልሎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። እሺ፣ ምንም አይደል። ሰው ሲታጣ ይመለመላል ጎባጣ።

ቢያድግልኝ የትርንጎን ነገር ሲያወራ ቅድስት ያደርጋታል። ብርሃን ወረደላት ይላል፤ መላእክት ቀለም አቀበሏት ይላል። ውሸት ነው። ቀለም ያቀበላት የለም። ቀለም የከለከላት ግን አለ፤ እሱም የእኔ አያት አያት ነው። በእሷ ቀንቶ የከሳ እሱ ነው፤ በእሷ ምክንያት መሬቱን ያጣም እሱ ነው። ስለዚህ የእሷ ነገር ከእኔ ይሰማ።

ትርንጎ ጭቃ መራጊ ነበረች። ሰው ቤት ሲሠራ እሷ ትጠራለች። ጭድ ከጭቃ ታቦካለች፣ በእግሯ ትረግጣለች፣ በእጇ ትመርጋለች፣ በእበት ትለቀልቃለች። ሥራዋ ይኸው ነበር። ግንባሯ ላይ ሁልጊዜ የጭቃ ምልክት አለ፤ ላቧን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ የሚቀር ነው። ጉንጯ ላይም የተልባ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረቻት።

እናቷ ገና በልጅነቷ ሞታባት ከእንጀራ እናት ጋር አደገች። እንጀራ እናቷ ስትቆጣት ከቤቱ ኋላ ትሄዳለች፤ ከተለቀለቀው ግድግዳ ላይ ጣቷን ታስኬዳለች። መጀመሪያ መስመር ብቻ ነበር። ኋላ መስመሩ ወፍ ሆነ። ወፉ ሲወጣ እንባዋ ቆመ። እሷም ገረማት። በማግስቱ ተቆጧት፤ ሄደች፤ ሣለች፤ እንባዋ ቆመ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ አልተወችውም።

አደገች፣ ተዳረች። ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ቀረ። ትርንጎ ሣለች። አንዲት ልጇን ፈንጣጣ ወሰደባት። ትርንጎ ሣለች። ልጇን የሣለች እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ ነበር የምትሥለው። ዶሮ፣ የዱባ አበባ፣ የበሬ ጭራ፣ ውኃ ዳር የምትቆም ረጅም ወፍ። የሰው ቤት መርጋ ስትጨርስ፣ ባለቤቱ ከፈቀደላት፣ ከበሩ ጎን በቀይ አፈርና በነጭ አፈር አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። ሴቶቹ ታዲያ ይጠይቋታል።

«ትርንጎ፣ ይህን ሁሉ ኀዘን ተሸክመሽ እንዴት ዶሮ ትሥያለሽ?»

«ሆዴ ሲብሰው ለጣቴ እነግረዋለሁ» ትላለች። «ጣቴ ለግድግዳው ይነግረዋል። ግድግዳ ደግሞ ወሬ አያወጣም። እኔ እገላገላለሁ።»

እንግዲህ ወደ እኛው ሰው እንምጣ። አለቃ ድንቁ ይባላል። ጎንደር ተምሮ የመጣ ሠዓሊ ነው። የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሲሠራ ካህናቱ አስመጡት፤ ሥዕሉን እንዲሥል ከወንዙ በላይ ያለችውን ጥቁር አፈር መሬት ሰጡት። ሲሄድ ሰው ይነሣለታል። ግብር ሲበላ ከላይ ይቀመጣል። እውነቱን እንነጋገር ካልን ደግሞ እሷ ከእሱ እኩል አትሥልም። ከእሱ እኩል ቀርቶ! የእሷ በሬ ውሻ ይመስላል። የእሷ ሰው ማገዶ ይመስላል። የእሱን ቅዱስ ሚካኤል ያየ ሰው ሰይፉ እንዳይወርድበት አንገቱን ይሰብራል። ይህን ቢያድግልኝ አይነግራችሁም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ።

ታዲያ በምን ቀናባት?

አንድ ቀን ጠዋት አለቃ ድንቁ ወደ ሥራው ሲሄድ በአንድ ጎጆ አጠገብ አለፈ። ትርንጎ ግድግዳውን መርጋ ጨርሳ ዶሮ ትሥላለች። እያንጎራጎረች ነው። ዶሮዋን ጨረሰች። ከግድግዳው ራቅ አለች፣ አየቻት፣ ብቻዋን ሳቀች። ማንም ሰው አላሳቃትም። ያመሰገናትም የለም። ዶሮዪቱን አይታ ከልቧ ሳቀች።

አለቃ ድንቁ መንገዱን ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ መወጣጫው ላይ ወጣ፣ የሚካኤልን ሰይፍ ሣለ። ሰይፉ እሳት ሆነ። ከግድግዳው ራቅ አለ፣ አየው። ሳቁ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። ክንፉን ሣለ፣ ራቅ አለ፣ ጠበቀ። አልመጣም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሥል አንድ ቀን እንኳ አንጎራጉሮ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ቀና።

ቅናት ክፉ ነው ልጆቼ። በሰው ከብት የቀና ከብቱን ይሰርቃል። በሰው ሹመት የቀና ሹሙን ይከስሳል። በሰው ደስታ የቀና ምን ይስረቅ? ማንን ይክሰስ? አለቃ ድንቁ ደስታዋ ከየት እንደሚወጣ አላወቀም። ቢቸግረው «ከቀለሙ ይሆናል» አለ።

ቀለሙን ወሰደ።

ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈርና ቢጫ አፈር የሚወጣው ከገደሉ ሥር ነበር፤ እሱም እሷም ከዚያው ይቆፍራሉ። ወደ ካህናቱ ሄደና «ይህ አፈር የሩፋኤል ቀለም ነው፤ ጭቃ መራጊ ልትዳስሰው አይገባም» አላቸው። ካህናቱ ገዘቱ። አፈሩ በእሾህ ታጠረ። ትርንጎ በማግስቱ ቅሏን ይዛ ብትመጣ እሾህ አገኘች። ግዝት ነው አሏት። ከእሾሁ ማዶ ቀዩን አፈር ቆማ አየችው፤ ባዶ ቅሏን ይዛ ተመለሰች። ሆዷ ባሰ። ቤቷ ገብታ በጀርባዋ ተጋደመች።

ተጋድማ ጣራውን ታያለች። ጣራው በጭስ ጠቁሯል፤ ጥላሸቱ እንደ ጥጥ ተንጠልጥሏል። ተነሣች። ጥላሸቱን በመጥረጊያ አወረደች፤ ከግራር ሙጫና ከውኃ ጋር በጠበጠች። ጥቁር ብቻ ቀረላት፤ በጥቁር ሣለች። ዝናብ ሣለች። ከላይ እስከ ታች መስመር፣ መስመር፣ መስመር። ግድግዳዋን ሁሉ ዝናብ አደረገችው።

በዚያ ሰሞን የአንዲት ባልቴት ልጅ ሞቶ ነበር። ባልቴቷ እህል አልቀምስ፣ ከሰው አልነጋገር ብላ ሰነበተች። ጎረቤት ለመናት፣ ካህን መከራት፣ እምቢ አለች። ትርንጎ ሄዳ እጇን ይዛ አመጣቻት፤ ከግድግዳው ፊት አስቀመጠቻት። ጥላሸቱን ብቻ አቀረበችላት። ባልቴቷ ዝናቡን አየች፣ አየች። ከዚያ ጣቷን ነከረችና አንድ መስመር አወረደች። ሌላ መስመር አወረደች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስታዘንብ ዋለች። ማታ «የሚቀመስ ነገር አለሽ?» አለች።

ይህ ወሬ ተሰማ። ሆድ የባሳት ሴት ሁሉ ወደ ትርንጎ ቤት መጣች፤ ጣቷን አጠቆረች። በመንደሩ ጣቷ ያልጠቆረ ሴት ታጣች። አለቃ ድንቁ በዚያ ሲያልፍ ያንጎራጎረችው አንዲት ሴት ነበረች፤ አሁን ብዙ ሆኑ። ሰውየው የአንዷን ማንጎራጎር መቻል አቅቶት የብዙ አደረገው። ክፉኛ ቀና።

«ከቀለሙ አይደለም» አለ። «ከግድግዳው ይሆናል።»

ግድግዳውን ወሰደ።

በዚያ ዓመት በረዶ ወረደ። ጤፉን አስተኛው፣ ባቄላውን አራገፈው። ሰው በረዶው ከየት መጣ እያለ ሲጨነቅ አለቃ ድንቁ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደ። «የሚሣል ግድግዳ የእግዚአብሔር ቤት ግድግዳ ነው። ጎጆ ሁሉ ተሥሎ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ሰማይ አይቆጣም?» አለው። የእኛ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በረዶ ሲወርድ ደመናን አይጠረጥርም፤ ጎረቤቱን ይጠረጥራል። «እውነት ነው! በረዶውን ያወረደችው የትርንጎ ዶሮ ናት» አለ። ስንት ዓመት በሩ ላይ ስታየው የኖረች ዶሮ፣ ትናንት ምን ነካትና በረዶ አወረደች? ማንም አልጠየቀም። ጭቃ ሹሙ ሥዕሉ ሁሉ ይለቅለቅ ብሎ አዘዘ።

ማን ይለቅልቀው? መራጊዋ ትርንጎ ናት። የገዛ እጇን ሥራ በገዛ እጇ ትደፍን ተባለ። ከቤት ወደ ቤት ሄደች። እበቷን ይዛ፣ እያንዳንዷን ዶሮ «ይቅር በይኝ እናቴ» እያለች ለቀለቀች። የዱባውን አበባ ለቀለቀች። ወፎቹን ለቀለቀች። ቤቷ ተመልሳ ዝናቡን ለቀለቀች። መንደሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ። ያን ቀን አለቃ ድንቁ ደኅና ምሳ በላ ይባላል።

ከዚያ መኸር ደረሰ። እህል ሊወቃ ሆነ። ዐውድማ እህል ሳይከመርበት በእበት ይለቀለቃል፤ ይህን ታውቃላችሁ። መለቅለቁ የማን ሥራ ነው? የትርንጎ። ሄደች፤ ያን የሚያህል ሰፊ ዐውድማ አለስልሳ ለቀለቀች። ሲያልቅ ቆማ አየችው። ዐውድማ ግድግዳ አይደለም፤ ጭቃ ሹሙ ስለ መሬት ያለው ነገር የለም። ተንበረከከች። በጣቷ ሣለች። ዓሣ ሣለች፤ ከዐውድማው ዳር እስከ ዳር የሚደርስ ዓሣ። ቅርፊቱን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ አተመች። ሌሊቱን ደረቀ።

ጠዋት በሬዎቹ መጡ። ነዶው ተበተነ። አለቃ ድንቁ ከዳር ቆሟል፤ ስታለቅስ ሊያያት ነው የመጣው። በሬዎቹ መዞር ጀመሩ። በጭዱ መካከል ዓሣው ብቅ ይላል፣ ይሰወራል፣ ብቅ ይላል። ትርንጎ አጨበጨበች።

«እዩት! እዩት! በሬዎቹ ዓሣዬን አስዋኙት!»

ወቂዎቹ ሳቁ። ሴቶቹ ሳቁ። አለቃ ድንቁ አልቻለም፤ ጠጋ አላት።

«አንቺ ሴት፣ በሬ ለሚረግጠው ነገር ለምን ትደክሚያለሽ?»

«አለቃ፣ ዘፈንስ አልቆ የለም?» አለችው። «ያልቃል ተብሎ ሳይዘፈን ይቀራል?»

ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ሰሞን ሰውነቱ መክሳት ጀመረ። እራት አይበላለትም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። ቅናት የያዘው ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው ብሎ አሰበ፤ የቀናበትን ማጥፋት። ቀለሟን ወሰደ፤ ሣለች። ግድግዳዋን ወሰደ፤ ሣለች።

«እሷን ራሷን ነው መውሰድ» አለ።

ፊቷን ወሰደ።

አሁን ይህን አድምጡኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እናንተ መልሶ ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ያያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሰይጣን አንድ ዓይን ነው፤ ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ለአለቃ ድንቁ የቀረችው አንድ ሥዕል ነበረች፤ ሴቶች በሚገቡበት በር አጠገብ ያለችው የፍርድ ቀን። ኃጥኣን ወደ እሳት ሲወርዱ ይሥላል። ከኃጥኣኑም መካከል አንዲት ሴት ሣለ። በጎን ሣላት፤ አንድ ዓይን ሰጣት። ግንባሯ ላይ የጭቃ ምልክት አደረገ። ጉንጯ ላይ የተልባ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አስቀመጠ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀው በጳጉሜን ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ይዘንባል፤ ልጆች ለበረከት ዝናቡ ላይ ይዘላሉ። መጋረጃው ተገለጠ። ሰው እልል አለ፤ እልልታው ግን ሴቶቹ በር ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። አንዱ አንዱን ጎሸም አደረገ። ሁሉም ዞሮ ትርንጎን አየ።

ትርንጎ ወደ ሥዕሉ ቀረበች። ነጥቧን አየች። በእጇ የገዛ ጉንጯን ነካች። ከዚያ ወደ አለቃ ድንቁ ዞረች።

«እኔን ነው» አለች። «አፍንጫዬንም አውቀውታል። ግን አለቃ፣ ይህን ሲሥሉ ሆድዎ ከፍቶት ነበር።»

ነጠላዋን ተከናንባ በዝናቡ ወጣች።

ሕዝቡ ምን አለ መሰላችሁ? አለቃ ቀንቶ ሣላት አላለም። «ሠዓሊ ያላየውን አይሥልም፤ በራእይ አይቷት ነው» አለ። ፍርድ ቀን አስቀድሞ ለእሷ ብቻ የመጣ መሰለው። ጣታቸውን ጥላሸት ውስጥ የነከሩት እነዚያ ሴቶች፣ እነሱም እጃቸውን በአመድ ፈትገው ታጠቡ። ትርንጎን መንገድ ላይ ሲያገኟት ያማትባሉ። ቤት ሲሠራ ሌላ መራጊ ከሩቅ ይመጣል። ያቺ ባልቴት እንኳ፣ ያቺ ዝናብ ስታወርድ የዋለችው፣ አይታ እንዳላየች አለፈቻት። እኔ ከሁሉም በእሷ እናደዳለሁ።

ትርንጎም አልሣለችም።

አዎ። በእንጀራ እናቷ ቁጣ የሣለች፣ በባሏ ሞት የሣለች፣ በልጇ ሞት የሣለች ሴት አልሣለችም። ጥላሸቱ ከጣራዋ ላይ ተንጠለጠለ። ማንጎራጎሯ ጠፋ። እጇ ነጣ።

አለቃ ድንቁ ደስ ሊለው ተዘጋጀ። ጠበቀ። ደስታዋ ከእሷ ሄዷል፤ እንግዲህ ወደ እሱ ይመጣል። ጠበቀ። አልመጣም። ከእሷ ሄደ፣ ከእሱም አልደረሰ፤ የት እንደገባ አንድዬ ይወቅ። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት በጎጆዋ በኩል ሲያልፍ ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ዝም። በማግስቱም ዝም። ለካ ያ ማንጎራጎር የሱም ቀለብ ኖሯል። እየቀናበት ይሰማው ነበር፤ እየጠላው ይኖርበት ነበር። አሁን ቡሩሹን ቢያነሣ ክንዱ ከበደው፤ ቀለሙ ቅሉ ውስጥ ደረቀ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቤቷ ሄደ። በሩ ክፍት ነው። ትርንጎ ባዶ ግድግዳዋ ሥር ቁጭ ብላለች። ሰላም ሊላት ፈለገ፤ እጇን አየና ሰላምታው ጠፋበት። ጭቃ የለበትም። ጥፍሯ ውስጥ እንኳ የለበትም። የእሷ ንጹሕ እጅ የሬሳ እጅ መሰለው።

«ሣዪ» አላት።

«እምቢ አለኝ አለቃ።»

«ሣዪ እንጂ! በረዶውን እንኳ ችለሽ የለ?»

«ሰው ሲርቀኝ ያኔ ግድግዳው ነበረኝ። አሁን ግን ግድግዳውም አንድ ዓይን ሆኖ ያየኛል» አለች። «ጣቴን ሳነሣ ያቺን ሴት አያታለሁ። እርስዎ የሣሏትን።»

ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው የሚነሣለት፣ ያ ከላይ የሚቀመጠው የእኔ አያት አያት፣ ከበሩ ላይ ተቀመጠ። ከመሬት፣ ከእበቱ ላይ።

«ቀንቼብሽ ነው» አለ። «የወርቅ ቀለም ነበረኝ፤ አንቺ አፈር ነበረሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ አንድ ቀንም አልሳቅሁም። ቀለምሽን ያስከለከልኩ እኔ ነኝ። ዶሮዎችሽን ያስለቀለቅሁ እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ትርንጎ አላለቀሰችም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለች። ቢያድግልኝ «እግሩ ሥር ወድቃ ባረከችው» የሚለው ፈጠራ ነው። ተነሣች፣ ወጣች፣ ጭቃ አቦካች። በእበት ግድግዳዋን እንደ አዲስ ለቀለቀች። ሲያልቅ ወደ እሱ መጣች፤ ያንን ለስላሳ እጁን ይዛ ከእርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈችው።

«እኔ አልችልም» አለችው። «ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ።»

«ምን ልሣል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሆድዎን ይጠይቁት።»

አለቃ ድንቁ ያለ ቡሩሽ ሥሎ አያውቅም። ጣቱ ወፈረበት። ለጌታ አይደለም፤ ለካህናት አይደለም፤ የሚያይ የለም። ጣቱ ዝም ብሎ ሄደና በልጅነቱ እናቱ ጓሮ የነበረች ፍየል ሣለ። ፍየሏ አላማረችም። አንድ ቀንዷ ከሌላው ረዘመ። ሰውየው ግን ጢሟን ሲሥል፣ ትርንጎ ኋላ ለሴቶቹ እንደነገረቻቸው፣ አፍንጫው ውስጥ አንድ ነገር እም… እም… ይል ጀመር።

ጢሟን ሳይጨርስ ብድግ አለ። በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። መወጣጫ አቆመ፣ ቀለም በጠበጠ። ከፍርድ ቀን ሥዕል ፊት ቆመ። ለዚያች ሴት ሁለተኛ ዓይን ሊሰጣት ነው። ግን የት ያድርገው? ሴትዮዋ በጎን ናት። በጎን የተሣለ ፊት የአንድ ዓይን ቦታ ነው ያለው፤ ከዓይኑ በፊት አፍንጫ ነው፣ ከዓይኑ በኋላ ጆሮ ነው። ፊቷን አጥፍቶ ዳግመኛ ቢሥል ቀን ይፈጃል፤ እሱ ደግሞ አልቻለም፣ አሁኑኑ ነው የፈለገ። ከጆሮዋ አጠገብ ትንሽ ቦታ አገኘ። እዚያ ላይ ሁለተኛ ዓይን ሣለላት። ክብ፣ ትልቅ፣ የሚያይ ዓይን።

ከግድግዳው ራቅ አለ። እንደ ልማዱ ቆሞ ጠበቀ። አየው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ሥሎ አያውቅም። ሁለቱም ዓይን በአንድ ወገን፣ አንዱ አፍንጫ ያያል፣ አንዱ ከጆሮ ሥር ሰውን ያያል።

ሳቁ መጣ።

እንዲህ ሳቀ፣ እንዲህ ሳቀ፣ መወጣጫውን ይዞ ሳቀ። ካህናቱ ሮጠው መጡ። «አለቃ አበደ!» አሉ። ሥዕሉን አዩ፤ አንዱ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቅ አመለጠው። ሰው ተሰበሰበ። የሲዖል እሳት ሳይቀር እያዩ ሳቁ። ዓይኗ ከጆሮዋ ሥር ቁልጭ ቁልጭ የምትል ሴት ማን ይፈራል? ኋላ ላይ ትርንጎ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። እሷም ቀርባ አየች። ከዚያ ያ የምታውቁት ሳቋ ወጣ።

«አለቃ! ይህስ የኔ በሬ ነው!»

በማግስቱ ጥላሸቱን ከጣራው አወረደች። ትርንጎ ሣለች።

ይህ ነው እንግዲህ ለእናንተ ደስታ፣ ለእኔ ቤት ኀዘን የሚሆነው። የሥዕል ሥርዓት አፍርሷል ብለው መሬቱን ነጠቁት። ያቺ ከወንዙ በላይ ያለችው ጥቁር አፈር፣ ዛሬ ማን እንደሚያርሳት ታውቃላችሁ? ቢያድግልኝ! ባቄላውን ዘርቶባት አበባው ሲሸት እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። ዓይኑን እንዲያጠፋ ሌላ ሠዓሊ ቢያስመጡ፣ ያም ሠዓሊ አይቶ ሳቀና «ያሳቀኝን አላጠፋም» ብሎ ሄደ። ዛሬ ከየአገሩ እንግዳ ይመጣል። ያንን ሁሉ ሚካኤል፣ ያንን ሁሉ ሰይፍ የሚያየው የለም። «ባለ ሁለት ዓይኗ የቷ ናት?» ነው። የአያቴን አያት ስም የሚያነሣም የለም፤ የትርንጎ ዓይን ነው የሚባለው፣ እሱ ሥሎት!

አለቃ ድንቁ የቀረ ዕድሜውን እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ከእሷ ጋር ግድግዳ ሲመርግ ኖረ። ደኸየ። አባቴ እንደነገረኝ ግን፣ ለእሱም አባቱ እንደነገረው፣ ከማዶ ሲያንጎራጉር ይሰማ ነበር።

ስለዚህ ነው በእኛ መንደር ቤት ለሩፋኤል ሲለቀለቅ፣ ባለቤቱ ራሱ መጀመሪያ የማይነካው። በዓመቱ የቀናህበትን ሰው ትጠራለህ። የመጀመሪያውን መስመር በእርጥቡ ግድግዳህ ላይ እሱ ያሠምራል። ከዚያ አንተ ትቀጥላለህ። ስለዚህም ነው ቅናት ይዞት ሰው ሲያማ የሰማ «ኧረ ሁለተኛዋን ዓይን ጨምርላት» የሚለው። ቢያምርም ባያምርም፣ ቦታ ባይኖርም፣ ጨምርላት ማለት ነው። የተጠራ ሰው አይቆጣም፤ እንዲያውም ይኮራል። የሚያሳዝነው ያልተጠራ ነው። ይኸው እኔ ይህን ያህል ሸበትኩ፤ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። በእኔ ምን አይቶ ማን ይቀናል?

በሉ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ይድረቅ፤ ግድግዳዬ ግን ሳይደርቅ አንዳችሁ ሮጣችሁ ቢያድግልኝን ጥሩልኝ። አዎ፣ እሱን። መሬቱም አለው፣ ወሬውም አለው፣ እናንተም አላችሁት። ጉሮሮውን ቢያመውም ለመስመር ጉሮሮ አያስፈልግም።

ምን? ምን አልሽ አንቺ?

ጉሮሮው ደህና ነው? ታዲያ ማን ላካችሁ? … እሱ? «ጎረቤቴ የአለቃ ድንቁ ዘር ነው፤ እኔ ያወራሁት በውሰት ነው፤ ከባለቤቱ ስሙት» አለ? ቢያድግልኝ? በአፉ?

የእሱም ግድግዳ እርጥብ ነው? እኔን እየጠበቀ?

ዱላዬን አቀብሉኝ። አይ፣ ደግፉኝ አላልኩም፣ ዱላዬን። አሁን እሄድና ዶሮ እሥልለታለሁ። ሁለቱም ዓይኗ በአንድ ወገን የሆነ፣ በሬ የምታክል ዶሮ።